የማይሰማኝ ፉጨት

ጥቅምት 12 ቀን 1994

ሰኞ። የሁለት ሰው ሬዲዮ ሠራሁ። አንዱ ገመዱ ተበጥሶ ነው። ሌላው ባትሪው ፈስሶ ውስጡን በልቶታል። ሌላ ነገር የለም።

ይህን የምትጽፈው ሚስቴ ኡሙልኸይር ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ከሴት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ አልቀመጥም ብዬ ቀረሁ፤ እሷ ሄደች። አሁን እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የምትጽፍበትን አጀንዳ የላከችው ልጃችን ፈርሂያ ናት፣ ከጅዳ። ጠርዙ ወርቅ የተቀባ… ባዶውን ይቀመጥ? ወረቀት ሲባክን አልወድም።

«ምን ብዬ ልጀምር?» አለችኝ።

«ቢሻው ሙሐመድኑር፣ በመካነ ሰላም ሬዲዮና አምፕሊፋየር ጠጋኝ፣ የሚስተካከለው የለም፣ ብለሽ ጀምሪ።»

«ይህን እንኳ አልጽፍም» አለች። መጻፏን በምን አውቃለሁ?

ፊደል ባላውቅም ቀለም አውቃለሁ። ኃይል በሚገታው ሬዚስተር ላይ የቀለም ቀለበቶች አሉ። ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቀይ ከሆነ አንድ ሺህ ነው። የወረዳው ጸሐፊ ይምጣና ያንብበው።

ጥቅምት 15

ኡሙልኸይር «አርባ ዓመት አብሬህ ስኖር ሥራህ ምን እንደሆነ አልገባኝም» አለች። ነገርኳት። ከጻፈችው አይቀር በደንብ ትጻፈው።

አምፕሊፋየር ድምፅ አይፈጥርም። እንደ መስኖ በር ነው። የባትሪው ኃይል ከላይ የተገደበ ውኃ ነው። የሰው ድምፅ ማይክ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ያ ክር በሯን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በሯ ትራንዚስተር ናት። ትንሽ ሲከፍት ትንሽ ውኃ፣ ብዙ ሲከፍት ብዙ ውኃ… ትልቁ ውኃ በትንሿ ክር ልክ ይወጣል፣ ይወርዳል። በቃ ይኸው ነው።

ኦሲሌተር የሚባለው ደግሞ የራሱን ድምፅ የሚሰማ አምፕሊፋየር ነው። ከመውጫው ጥቂት ቀንሰህ ወደ መግቢያው ትመልስለታለህ። ዥዋዥዌ በለው። ሲመለስ ጠብቀህ ከገፋኸው አይቆምም፤ ያለ ጊዜው ከገፋኸው ይሞታል። ጊዜውን ካገኘ ማንም ሳይናገርበት ለብቻው ይጮሃል። ወፍሮ ይጩህ ቀጥኖ፣ ያንን የሚወስኑት ኃይል አጠራቅሞ የሚለቀው ኮንደንሰርና ሬዚስተሩ ናቸው።

የድምፅን መልክ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ በጦር ሠራዊት መገናኛ ባትሪ ተሸካሚ ሳለሁ። የመቶ አለቃው አረንጓዴ መስመር የሚያሳይ መስተዋት ነበረው። «ና እይ፣ ድምፅ ይህን ይመስላል» አለኝ። ጋራና ሸለቆ፣ ጋራና ሸለቆ… ቁርጥ የእኛው የቦረና አገር። ድምፁን ሲጨምረው ኃይሉ አልበቃ አለና የጋራው ጫፍ ተቆረጠ። አምባ ሆነ። ያን ጊዜ ድምፁ ሻከረ። ሌላም አሳየኝ፣ እንደ ደረጃ ቀጥ ያለ። ሌላም፣ እንደ መጋዝ ጥርስ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መልኩ ይታየኛል። ሰው በዓይኑ ያያል፣ እኔ በጆሮዬ።

«በጆሮህ ታያለህ እንዴ?» ብላ ሳቀች። አልገባትም።

ጥቅምት 21

የታችኛው መስጊድ አምፕሊፋየር አለቀ። ያመጣው ጀብሪል ነው፣ አዛን አድራጊው። ጾም ሳይገባ ይድረስልን ብሎ። ሁለቱ ትልልቅ ትራንዚስተሮች ተቃጥለው ነበር፤ ቀየርኳቸው። በጣሳዬ ፈተንኩት። ጣሳ የምለው ከወተት ቆርቆሮ የሠራሁት ኦሲሌተር ነው፤ እጀታውን ሲያዞሩት ከወፍራም ወደ ቀጭን ያፏጫል። ድምፁን በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አሳልፌ አዳምጣለሁ። ንጹሕ ነው። ብሎኖቹ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረግኩ። ሠላሳ ዓመት ምልክቴ ነው። ቀዩ ካልተሰነጠቀ ሌላ እጅ አልገባበትም።

«አያ ቢሻው፣ እጅዎ ይባረክ» አለ ጀብሪል።

«ያፏጫል?» አልኩት እንደ ልማዴ።

«ምን ያፏጫል? ማር ነው እንጂ።»

«አንድ ነገር ብቻ፣ ባትሪያችን ቶሎ ይደክማል» አለ። አርጅቶ ነው አልኩት።

ጥቅምት 28

የፈርሂያ ካሴት መጣ። ከጅዳ የተመለሰች የጎረቤት ልጅ ናት ይዛው የመጣችው። ፈርሂያ ደብዳቤ አትጽፍም። አባቷ አያነብም፣ ስለዚህ በካሴት ታወራለች።

ቴፑን ከፈትኩት። ድምፅዋ አለ። ቃሉ ግን… ከግድግዳ ማዶ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው። «አ… ባ… ና… አ…» ቴፑን ፈታሁ። ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ ሄዱን፣ በአልኮል ጠረግኩ። ያው። እንደገና ፈታሁ። ያው። ሦስተኛም ፈታሁ።

«ይቺ ልጅ አረብ አገር ሄዳ መናገር ረሳች፣ ታልጎመጉማለች» አልኩ።

ኡሙልኸይር ቴፑን ዘጋችው። ከዚያ ፊቴን እያየች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችልኝ። «አባዬ ደኅና ነዎት ወይ ትላለች። አሠሪዎቼ ደኅና ናቸው፣ ሥራው አልከበደኝም፣ ጉንፋኑ ለቀቀዎት ወይ ትላለች።»

አንድ ጊዜ ሰምታ ነው የደገመችው። የተበላሸው ቴፑ ከሆነ እሷ እንዴት ሰማችው?

ይህን አትጻፊ አልኳት።

ኅዳር 3

ብርድ። ሥራ የለም። ማንም አልመጣም።

ኅዳር 5

ታደለ መጣ፣ የላይኛው ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ሰው። ባለፈው ሚያዝያ የሠራሁላቸውን አምፕሊፋየር ተሸክሞ። «ሶኬቱ ላልቷል፣ ሌላ እንከን የለውም» አለ።

ብሎኑን ልፈታ ስል ቀዩን አየሁት። ቀይ ነው። የእኔ ቀይ ግን አይደለም። የእኔ ወደ ሸክላ ያደላል፣ ይሄ ወደ ደም።

ከፈትኩት። የምስር ፍሬ የምታህል ኮንደንሰር በትራንዚስተሩ እግሮች መካከል ተቀምጣለች። እኔ አላስቀመጥኳትም። ብየዳዋ ያምራል፤ ትንሽ፣ ክብ፣ የምታብረቀርቅ። እንዲህ አድርጎ የሚበይድ አንድ ሰው ነው የማውቀው። ሙሐመድአሚን። አሥር ዓመት እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስተምሬው ደሴ ሄዶ ሱቅ ከፈተ።

«ታደለ፣ ይህን ማን ከፈተው?»

«ማን ይከፍተዋል አያ ቢሻው? ቀዩ አለ አይደል?»

«ታደለ።»

«እኔ ምን ሥልጣን አለኝ፣ ኮሚቴው ነው…»

«ኮሚቴው ምን አደረገ?»

«ሶኬቱን ብቻ ያጥብቁልን፣ በእናትዎ» አለ። ላብ አጠመቀው፣ በዚህ ብርድ።

ሶኬቱን አጠበቅኩለት። ሄደ።

ያቺ ኮንደንሰር የምትገባው ለአንድ ነገር ነው። አምፕሊፋየር ሳይፈለግ ኦሲሌተር ሲሆን፣ የራሱን ድምፅ ሰምቶ ማፏጨት ሲጀምር፣ ያንን ቀጭን ፉጨት ለመግደል። ታዲያ የእኔ ሥራ ያፏጭ ነበር? ያፏጭ ከነበረ እኔ እንዴት ሳልሰማው?

ኅዳር 6

ጣሳዋን አወጣሁ። ከትንሿ ስፒከር ጋር አገናኘኋት። ከወፍራሙ ጀመርኩ፣ እንደ በሬ። ከፍ አደረግኩ፣ እንደ ዋሽንት። ከፍ፣ እንደ ትንኝ። ትንሽ ከፍ ሳደርግ… ጠፋ። እጀታው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ትራንዚስተሩ ሞተ ብዬ ቀየርኩት። ያው። ባትሪውን ቀየርኩ። ያው።

ኡሙልኸይር ከጓሮ ጮኸች። «ኧረ ዝጋው አንተ ሰው፣ ጆሮዬን በጣኸው።»

«ምኑን?»

«ያንን ፉጨት ነዋ።»

«አሁን ይሰማሻል?»

«ለእኔ ብቻ? ዶሮዎቹም ሸሹ።»

ተቀመጥኩ። መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። እጇ ሽንኩርት ይሸታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ሁለት ዓመት። ምናልባት ሦስት።»

«ሰው ያውቃል?»

የጣሳዋን ገመድ ከባትሪው ነቀለችው።

«ሰው ያውቃል ወይ ነው የምልሽ።»

«አንተ ትሠራለህ። እነሱ ይመርቁሃል። ከዚያ በአይሱዙ ጭነው ደሴ ይልኩታል፣ ሙሐመድአሚን ጋ። አስተካክሎ፣ ቀዩንም ቀብቶ ይመልሰዋል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን ልበል? ሽማግሌን ሥራህ ተበላሸ የሚል አፍ ያለው ማን ነው በዚህ አገር?»

ይሉኝታ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከተማው በይሉኝታ ተሸክሞኛል። በእኔ እጅ የተሠራ ነው ብዬ ስኩራራ እነሱ ገመድ ሲያስሩ፣ ሲጭኑ፣ ሲያወርዱ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዕቃ ሲበላሽ አይዋሽም። ይጮሃል፣ ይሞቃል፣ ይሸታል። ማር ነው የሚለው ሰው ነው።

ይህን ጻፊው። አሳምረሽ ጻፊው።

ኅዳር 8

ጾም ገባ። የምለው የለም።

ኅዳር 11

ሱቁን ካልከፈትኩ አምስተኛ ቀኔ ነው። ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። የሚያልፈው ሁሉ «አያ ቢሻው፣ ደኅና አይደሉም እንዴ?» ይላል። ደኅና ነኝ እላለሁ። እኔም መዋሸት ለመድኩ።

በጆሮው የሚያይ ሰው ጆሮው ሲሄድ ምንድን ነው? ዕውር ነው። ዕውር ግን መታወሩን ያውቃል። እኔ ሁለት ዓመት ሳላውቅ በጨለማ ስበይድ…

የአሥር ሰዓቱን አዛን ሰማሁ። ወፍራሙን ብቻ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የመስጊዱ አምፕሊፋየር ከእኔ እጅ ከወጣ ገና ሃያ ቀኑ ነው። ደሴ ሄዷል? ወይስ አሁን፣ እዚህ፣ በከተማው ሁሉ ጆሮ ላይ እያፏጨ ነው?

ተነሥቼ ሄድኩ። ጀብሪል ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ማሰሮ ይሞላል።

«ያፏጫል?» አልኩት።

«ምን ሆነው ነው አያ ቢሻው፣ ማር…»

«ጾመኛ ነህ። ጾመኛ አይዋሽም።»

ማሰሮውን አስቀመጠ። እጁን በጋቢው ጠረገ።

«እንደ መርፌ ነው» አለ። «ባልናገርበትም አለ፣ ክፍት እስከሆነ ድረስ። ልጆቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ። እኛስ ለመድነው። የአያ ቢሻው ፉጨት ነው የምንለው።»

«ስም አወጣችሁለት?»

«በፍቅር ነው።»

በፍቅር።

«ለምን ደሴ አልላካችሁትም?»

መሬት መሬት አየ። «ከዒድ በኋላ ልንልከው ነበር። ጾሙን ያለ ድምፅ እንዳናሳልፍ ብለን ነው።»

ገብቼ የትራንዚስተሩ ብረት ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ያቃጥላል። ማንም ሳይናገርበት ያቃጥላል። ባትሪው ቶሎ የሚደክመው ለዚህ ነው፤ ኃይሉን ሁሉ ለማይሰማኝ ፉጨት ሲገብር ነው የሚውለው። አርጅቷል ያልኩት ባትሪውን ነበር።

ተሸክሜ ወደ ቤት አመጣሁት። ጀብሪል «እኔ ልያዝልዎ» ቢል እንቢ አልኩ።

ኅዳር 14

ኡሙልኸይርን ከጎኔ አስቀመጥኳት። «ፉጨቱ ሲጠፋ እጅሽን አንሺ» አልኳት።

ከአሮጌ ሬዲዮ ትንንሽ ኮንደንሰሮች ነቀልኩ። አንዷን በየድኩ።

«አለ» አለች።

ቀየርኩ።

«አለ። ግን ቀጠነ።»

ቀየርኩ።

«ኧረ ቀጠነ… አሁንም አለ፣ እንደ ክር።»

ቀየርኩ። ዓይኗን ጨፈነች። አንገቷን ዘነበል አደረገች። እጇን አነሳች።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

«ለእኔ ብለሽ ነው?»

«ወላሂ፣ በጾም አፌ፣ ምንም አይሰማኝም።»

ብረቱን ነካሁት። ለብ ያለ ነው። ሙቀቱ የራሱ ነው ወይስ የመበየጃው ካውያ? ለይቼ አላወቅኩም። እሷን አመንኩ፤ ማታውኑ ለመስጊዱ መለስኩት።

ከሠራዊት ከወጣሁ ወዲህ የሰው እጅ እያየሁ ሠርቼ አላውቅም። ደስ አለኝ? ትንሽ። ይህን አትጻፊው።

ኅዳር 24

ሙሐመድአሚን ከደሴ መጣ። ታደለ ነግሮት ነው። ቴምር ይዞ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት።

«ቀዩን ለምን ቀባህ?»

«የእርስዎ ሥራ ስለሆነ ነዋ ጋሼ። እኔ ያከልኩት አንዲት ኮንደንሰር ነው።»

«ሥራው ያቺው አንዲቷ ናት።»

ቴምሩን ጠረጴዛው ላይ ሊያኖር ጎንበስ አለ። ፀጉሩ ሸብቷል። መቼ ሸበተ?

«ሌባ ብትሆን ይሻል ነበር» አልኩት። «ሌባ ያለኝን ይወስድብኛል። አንተ የሌለኝን ሰጠኸኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ያስተማሩኝ ሰው ፊት ቆሜ ጆሮዎ ሄዷል ልበል?»

«አዎ።»

«አልችልም ጋሼ።»

«ጆሮ ሲሄድ ከየት ነው የሚጀምረው?»

«ከላይ፣ ከቀጭኑ። ፉጨት፣ የወፍ ድምፅ… ከዚያ የሴትና የልጅ ቃል። ወፍራሙ ይቆያል።»

«እዚህ ላይ ይቆማል? ወይስ እየወረደ ይሄዳል?»

እሱም ሊያባብለኝ አፉን ከፍቶ መልሶ የዘጋው መሰለኝ።

ሊሄድ ሲል «የመስጊዱን ልስማውና ልሂድ?» አለ።

«የመስጊዱ ተሠርቷል። በእኔ እጅ።»

«ለአንድ ደቂቃ…»

«ተሠርቷል አልኩህ።»

ታኅሣሥ 7

ዒድ። አምፕሊፋየሩን ሜዳ አወጡት። ስፒከሩን ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ኢማሙ ተናገረ። ከሶላት በኋላ ሰው ሁሉ ሊጨብጠኝ መጣ።

«አያ ቢሻው፣ ድምፁ እንዴት ያምራል።»

«ዒድ ሙባረክ፣ እጅዎ አይድረቅ።»

«ማር ነው አያ ቢሻው፣ ማር።»

ያቺ ማር… ደረቴ ላይ ተቀመጠች። ኡሙልኸይር ምላለች፣ እሷን አምናለሁ። እነዚህን ግን እንዴት ልመን? ትናንትም ማር ነበር። ሲያፏጭም ማር ነበር። እውነት ቢናገሩ እንኳ አሁን በምን እለየዋለሁ?

አጠገቤ አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል፣ የማላውቀው። ከወግዲ በግ ይዞ መጥቶ ዒድ እዚሁ የያዘው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። እሱ እኔን አያውቀኝም፤ የሚያፍረኝ ነገር የለውም።

«ወንድሜ፣ ይሄ ድምፅ ያፏጫል እንዴ?» አልኩት።

«አዎ አባባ፣ ያፏጫል። ቀጭን፣ ጭንቅላት የሚበሳ። እኔማ ከስፒከሩ ሸሽቼ ነው እዚህ የተቀመጥኩት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ይኸው አሁንም አለ። ማን ነው የሠራው?»

«አንድ ሽማግሌ።»

«ሥራውን እስካሁን አልተወም እንዴ?»

«ተወ» አልኩት።

ታኅሣሥ 8

ትናንት ለኡሙልኸይር አልነገርኳትም። የላይኛውን ገጽ ዛሬ ነው ያስጻፍኳት፤ እየጻፈች ሰማችው። ተወ የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«በአላህ ስም ምዬልሃለሁ» አለች። «አልሰማሁም።»

«አውቃለሁ።»

«አልዋሸሁህም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ፉጨቱ አልሞተም። ኮንደንሰር በቀየርኩ ቁጥር እየቀጠነ ሄዶ ከጆሮሽ በላይ ወጣ። አንቺም እኮ ስልሳ አለፈሽ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ከዚያ «እኔም?» አለች።

ምን ልበላት? ማር ነው ልበላት? አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አሁን ሰው ለምን እንደሚለው ገባኝ።

«አንቺም» አልኳት።

ታኅሣሥ 10

ረቡዕ፣ ገበያ ነው። ሰው እንዲኖር ብዬ የመረጥኩት ነው። አምፕሊፋየሩን ከመስጊድ እስከ መኪና ማቆሚያው ራሴ ተሸከምኩት። በጨርቅ አልሸፈንኩትም። ጀብሪል ከኋላዬ «አያ ቢሻው፣ ማታ እኛ እንጭነዋለን፣ ምን አደከመዎ» እያለ ተከተለኝ። ታደለም ከሱቅ ወጥቶ አየን። ሌላውም ቆመ።

የደሴው አይሱዙ ረዳት ተቀበለኝ። «ለማን ይሰጥ?»

«ሙሐመድአሚን ለሚባል፣ ሬዲዮ ሠሪ። ያፏጫል በለው። ደኅና ሠሪ ነው፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ካስተማሩት ታዲያ ለምን እርስዎ አይሠሩትም?»

ጀብሪል ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

«ጆሮዬ ሄዷል» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ገበያው እስኪሰማ።

አንድ በአንድ አየኋቸው። ጀብሪልን፣ ታደለን፣ ሌሎቹን። ኧረ ደኅና ነዎት የሚለኝን ጠበቅኩ።

ማንም አላለኝም።